በኢትዮጵያ ሲጓዙ ነፍሳትን በሕጋዊ መንገድ እንዴት መሰብሰብ ይቻላል?

ነፍሳት ለመሰብሰብ ወደ ከፋ፣ ወደ ሸካ ወይም ወደ ሐረና ደን የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው መረብ ነው። መቅደም ያለበት ግን ወረቀቱ ነው። ያለ ፈቃድ የተያዘች ቢራቢሮ የቱንም ያህል ብርቅ ብትሆን ኃላፊነት የሚሰማው ሙዚየም አይረከባትም፤ ተመራማሪም በጽሑፉ ሊጠቅሳት ይቸገራል። ከደኑ ጠፍታ ለማንም ሳትጠቅም ትቀራለች።

ፈቃዱ

ጉዳዩን የሚገዛው የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትና የኅብረተሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። «አርክቦት» ማለት ሀብቱን አግኝቶ መጠቀም ማለት ነው፤ በማመልከቻው ላይ ደጋግሞ ስለሚመጣ ቃሉን ይልመዱት። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

አመልካቹ የውጭ አገር ዜጋ ከሆነ ተጨማሪ ግዴታዎች አሉበት። ግዴታውን እንደሚያስከብር የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከአገሩ ወይም ከሚኖርበት አገር ሥልጣን ካለው መሥሪያ ቤት ያቀርባል። ስብሰባውን የሚያካሂደው የኢንስቲትዩቱ ባለሙያ ወይም ኢንስቲትዩቱ የወከለው ተቋም ሠራተኛ አብሮት ሲኖር ብቻ ነው። ከሰበሰበው ላይ ቅጂ ናሙና ለኢንስቲትዩቱ ያስረክባል። ናሙናውን ከአገር ለማውጣት ደግሞ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመሰብሰብ ፈቃድ በእጅ አለ ማለት የመውጫውም አለ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሁለቱን ገና ሲያመለክቱ አንድ ላይ ይጠይቁ።

ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ሌላ በር ያንኳኳሉ። የሐረና ደን ሰፊ ክፍል በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ስለሆነ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። ከፓርክ ውጭም ቢሆን ደን ባለቤት አለው። በከፋና በሸካ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ የሰው ንብረት ነው፤ የቀበሌውን አስተዳደርና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳያነጋግሩ መረብ ይዞ መግባት ነውር ነው።

ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት የጉብኝት ፕሮግራም ውስጥ አያልቅም። ለአጭር ጊዜ የሚመጡ ከሆነ የሚሻለው ፈቃድ ካለው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር በረዳትነት መውጣት፣ አለዚያም በካሜራ ብቻ መሥራት ነው። ጥሩ ፎቶ ከትክክለኛ ቦታና ቀን ጋር ራሱን የቻለ መረጃ ነው። ከመንገድ ዳር በመስተዋት የታሸገ ቢራቢሮ ገዝቶ ሻንጣ ውስጥ መክተት ግን አቋራጭ አይደለም፤ ምንጩ ያልታወቀ ናሙና የገዢውን ስም ከማበላሸት በቀር ፋይዳ የለውም።

ዕቃና አያያዝ

መረቡ አፉ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከረጢቱ ደግሞ የአፉን እጥፍ ይርዘም። ርዝመቱ የሚያስፈልገው ነፍሳቱ ከገባ በኋላ ከረጢቱን አፉ ላይ ገልብጦ ለመዝጋት ነው፤ አጭር ከረጢት ያስገባውን መልሶ ያስወጣል።

በረጃጅም ዛፎች አናት ላይ የሚውሉትን እንደ ካራክሰስ ያሉ ቢራቢሮዎች እያሯሯጡ ከመድከም በማባበያ መጥራት ይሻላል። የበሰበሰ ሙዝ ከጠላ አተላ ጋር ተለውሶ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይቆይና በወጥመዱ ሳህን ላይ ይቀመጣል። ለእሳት ራቶች ነጭ አንሶላ ወጥረው ፊት ለፊቱ መብራት ያብሩ፤ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥሩ ይመጣሉ። ከቀፎ ይራቁ፤ የተረበሸ ንብ በሌሊትም ወደ መብራት ይመጣል።

ለመግደል ታችኛው ክፍሉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጀሶ የፈሰሰበትና በደንብ የደረቀ ጠርሙስ ይበቃል፤ ጀሶው ላይ ጥቂት ኢታይል አሲቴት ያንጠባጥቡ። ፈሳሹ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ይዘው አይምጡ፤ እዚሁ ከኬሚካል መደብር ይገዛል። ሳያናይድ በጭራሽ አይጠቀሙ፤ የሚገድለው ነፍሳቱን ብቻ አይደለም። ለዘረመል ጥናት የሚፈለግ ናሙና ኢታይል አሲቴት ሳይነካው በቀጥታ 96 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ይግባ። ከ24 ሰዓት በኋላ ኢታኖሉን ይቀይሩት፤ ከነፍሳቱ ሰውነት የሚወጣው ውኃ ያቀጥነዋል። ቱቦው ውስጥ ነፍሳቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቦታ አይያዙ። አረቄ በዚህ ሥራ ኢታኖልን አይተካም፤ አልኮሉ ስለሚያንስ ናሙናው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል።

ማድረቅ

በደቡብ ምዕራብ ደኖች ከዝናብ ማግስት ናሙና የሚጠፋው በሻጋታ ነው። የተለመደው ስህተት ቀን የተያዘውን ማታ አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ መክተት ነው። እርጥበቱ ከራሱ ከነፍሳቱ ስለሚወጣ ሣጥኑ ሲዘጋ መውጫ ያጣል፤ በሁለተኛው ቀን ነጭ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ ይታያል፤ ቅንቅንም ሳይመጣ ነገሩ ያለቀ ነው።

ቢራቢሮ ክንፎቹ ጀርባው ላይ ተገጥመው በወረቀት ኪስ ይገባል። 15 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት በሰያፍ ሲታጠፍ በሁለት በኩል 2.5 ሴንቲ ሜትር እጥፋት ይተርፋል፤ ኪሱ የሚዘጋው በሁለቱ እጥፋቶች ነው። ተራ የደብተር ወረቀት ጥሩ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት እርጥበት አያስወጣም። መረጃውን ቢራቢሮው ከመግባቱ በፊት ይጻፉ፤ በኋላ ሲጽፉ የእርሳሱ ጫፍ ክንፍ ይሰብራል። ጢንዚዛዎችን በስስ ወረቀት በተሸፈነ ጥጥ ላይ ይደርድሩ፤ በባዶ ጥጥ ላይ ከሆኑ ጥፍራቸው ይያዝና ሲነሱ እግራቸው ይቀራል።

ኪሶቹን ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አድርገው ከላያቸው በርቀት 40 ዋት አምፖል ሰቅለው አንድ ሁለት ሌሊት ያሳድሯቸው። መብራት ከሌለ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ይስቀሏቸው እንጂ ፀሐይ ላይ አያስጧቸው፤ ቀለሙ ይለቃል። ሲደርቁ ብቻ ወደ ክዳናማው ሣጥን ይግቡ። ለ2 ሊትር ሣጥን 200 ግራም ያህል እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይጨምሩ። የጄሉ ብርቱካናማ ቀለም ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ጠግቧል ማለት ነው፤ በምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት እያማሰሉ ቀለሙ እስኪመለስ ያድርቁት። ምጣዱ ግን እንጀራ የሚጋገርበት አይሁን። ሣጥኑ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ እግሮች ውኃና ትንሽ ሳሙና ባለበት ጣሳ ውስጥ ያቁሙ፤ ጉንዳን በአንድ ሌሊት የሳምንት ሥራ ይበላል።

መለያ ወረቀቱ

በኢትዮጵያ የሚሠራ ሰብሳቢ ከየትም በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህን ነው። አገራችን የራሷ ዘመን አቆጣጠርና የራሷ የሰዓት አቆጣጠር ስላላት፣ ያለ ማብራሪያ የተጻፈ ቀን አሳሳች ይሆናል። 12.03.2016 የሚል መለያ ይያዙ። እኛ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ብለን እናነበዋለን፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን 2023 መሆኑ ነው። አውሮፓዊ ማርች 12፣ አሜሪካዊ ዲሴምበር 3 ቀን 2016 ይለዋል። አንድ ነፍሳት ሦስት ልደት ኖረው ማለት ነው፤ መቼ እንደሚበርር የሚያጠና ሰው ደግሞ ወቅቱን ጭምር ይስታል።

ስለዚህ በመለያው ላይ የፈረንጁን ቀን ይጻፉ፤ ወሩን በሮማ ቁጥር ወይም በስሙ እንጂ በተራ ቁጥር አያድርጉት። ሰዓቱንም ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀይሩት፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ነው። ከዚያ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና የቦታው ስም፤ የጂፒኤስ መጋጠሚያ በአስርዮሽ እስከ አራት ቤት፤ ከፍታ በሜትር፤ በምን ዓይነት ቦታና ዘዴ እንደተያዘ፤ የሰብሳቢው ስም ይከተላሉ። መጨረሻ ላይ የፈቃድ ቁጥሩ ይጻፍ። ብዙዎች ይህን በደብተር ብቻ ይይዙታል፤ ደብተሩና ናሙናው ሲለያዩ ግን የቢራቢሮዋ ሕጋዊነትም አብሮ ይጠፋል።

ኢታኖል ውስጥ የሚገባ መለያ በእርሳስ ይጻፍ። እስክሪብቶ ሟሙቶ ፈሳሹን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ወረቀቱም ባዶ ይቀራል። መለያው ከቱቦው ውጭ ሳይሆን ውስጥ ይቀመጥ።

ከቦሌ እስከ መድረሻው

ከ70 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ፈሳሽ በተለመደው የመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። ለሳይንስ ናሙና ግን በአየር ትራንስፖርት ደንብ ኤ180 የተባለ ልዩ ድንጋጌ አለ። በእያንዳንዱ ቱቦ ከ30 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ፈሳሽ፣ ቱቦዎቹ በሙቀት በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ፣ እሱም ፈሳሽ መምጠጫ ባለበት ሌላ የታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከዚያ በጠንካራ ሣጥን፤ በአንድ ሣጥን በጠቅላላ ከ1 ሊትር አይበልጥም። ሣጥኑ ላይ የሳይንስ ናሙና መሆኑና የድንጋጌው ቁጥር ይጻፋል። አየር መንገዱን ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን ይያዙ፤ የመግቢያ ጠረጴዛው ሠራተኛ ድንጋጌውን ላያውቀው ይችላል። ቀላሉ መንገድ ከጉዞ በፊት ፈሳሹን አንጠፍጥፎ ናሙናውን በኢታኖል በረጠበ ጨርቅ ብቻ መያዝ ነው።

የፈቃዶቹን ዋና ቅጂ በእጅ ሻንጣ፣ ግልባጩን ከናሙናው ጋር ያድርጉ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው የሞተ ነፍሳትም ቢሆን ለዓሣና ዱር እንስሳት አገልግሎት በቅጽ 3-177 ያስመዘግባል። እዚያ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የሌሲ ሕግ በሌላ አገር ሕግ ተጥሶ የተወሰደን የዱር እንስሳ ማስገባትን ወንጀል ያደርጋል፤ ስለዚህ የኢትዮጵያው ፈቃድ ዋሽንግተንም ላይ ይጠየቃል። ሲጠየቁ የመውጫ ፈቃዱን፣ የናሙናዎቹን ዝርዝርና ብዛታቸውን በአንድ አቃፊ ያቅርቡ፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ሣጥኑ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ከቦሌ ሳይወጡ ቆጥረው ያረጋግጡ።