ፓድል ቦርድ ለጀማሪ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ፓድል ቦርድ (ውሃ ላይ ቆመውበት በመቅዘፊያ የሚነዱት ረጅም ሰሌዳ) የሚጀምር ሰው ሁለቴ ከወደቀ «እኔ ሚዛን መጠበቅ አልችልም» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ቦርዱ ውስጥ ያለው አየር፣ የመቅዘፊያው ወይም የአቋቋሙ ነው፤ ሁሉም እዚያው ዳር ላይ ይስተካከላል።

ቦርዱ ይወዛወዛል፣ ጉልበት ይንቀጠቀጣል

መጀመሪያ አየሩን ይፈትሹ። የሚነፋ ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ይፈልጋል። የእጅ ፓምፑ ጌጅ (ግፊት ማሳያ) መጀመሪያ ላይ ስለማይንቀሳቀስ፣ ቦርዱም ሲዳሰስ ጠንካራ ስለሚመስል፣ ብዙ ሰው ከ8 ሳያልፍ ያቆማል። እንዲህ ያለ ቦርድ ሲቆሙበት መሃሉ ይሰረጉዳል። በሌላ በኩል ሞልተው ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ አየሩ ሲሞቅ ስፌቱን ሊከፍተው ይችላል።

አየሩ ደህና ከሆነ ወደ አቋቋምዎ ይመለሱ። መሸከሚያው እጀታ በሁለቱ እግሮች መካከል ይሁን፤ እግር በትከሻ ስፋት፣ ጣቶች ወደፊት፣ ጉልበት ላላ። እግርዎን አይመልከቱ፤ ዓይንዎ ከማዶ ዳርቻ ላይ ይረፍ። ሲንገዳገዱ መቅዘፍ አያቁሙ፤ ውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንደ ምርኩዝ ይደግፋል። የእግር ጣት መደንዘዝም ቦርዱን ከመቆንጠጥ የሚመጣ ነው፤ ለትንሽ ጊዜ ይንበርከኩ።

የፓምፑ ቱቦ ሲነቀል አየሩ በሙሉ ይወጣል

የቫልቩ መሃል ያለችው ፒን ወደ ታች ተጭና ቀርታለች። ጫን አድርገው ሲያዞሯት ብቅ ትላለች፤ ከዚያ ይንፉ። ቀስ እያለ የሚተነፍስ ከሆነ ቫልቩ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ያፍስሱ፤ አረፋ ከሠራ በመፍቻው ያጥብቁት።

ብዙ ጉልበት፣ ትንሽ ጉዞ

መቅዘፊያው ተገልብጧል። ሰው ውሃውን እንደ ማንኪያ ልዝቀው ስለሚል ሰፊውን ጫፍ ወደ ራሱ ያጎብጠዋል፤ ትክክሉ ወደፊት ማዘንበሉ ነው። ርዝመቱ ከቁመትዎ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ካጠረ ወገብ፣ ከረዘመ ትከሻ ያማል።

ቦርዱ ይዞራል እንጂ ቀጥ አይልም

ከጅራቱ ስር ያለው ፊን (ቦርዱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ክንፍ) አለመውለቁን፣ ጫፉም ወደ ኋላ መዞሩን ይዩ። ከዚያ መቅዘፊያውን ከእግር ጣትዎ ፊት ለፊት፣ ቦርዱን አስጠግተው ቀጥ አድርገው ይክተቱ፤ ቁርጭምጭሚትዎ ጋ ሲደርስ ያውጡት። ከዚያ ካለፈ ቦርዱን ያዞራል። በየ4 ወይም 5 ቀዘፋው ጎን ይቀይሩ።

ድንገት ወደፊት መወርወር

ፊኑ መሬት ነክቷል። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም፤ እስከ ጉልበትዎ ድረስ ገብተው ይሳፈሩ። ሲወድቁ ከቦርዱ ወደ ጎን፣ ሰውነትዎን ዘርግተው ይውደቁ። ሲመለሱ እጀታውን ይያዙ፣ በእግርዎ ውሃውን እየመቱ በሆድዎ ይውጡ። ጣናና ሐዋሳ ላይ ደግሞ ጉማሬ አለ።

ነፋሱ ከዳር እያራቀ ይወስዳል

ከሁሉም የሚያሰጋው ይህ ነው። ነፋስ ከየብስ ወደ ውሃ ሲነፍስ ዳሩ ጋ ውሃው የተኛ ይመስላል፤ ኃይሉ የሚታወቀው ከራቁ በኋላ ነው። የቆመ ሰውነት ነፋሱን ስለሚቀበል ወዲያው ይንበርከኩ፤ ካልበቃ በሆድዎ ተኝተው በእጅ ይቅዘፉ። ቦርዱን ጥሎ መዋኘት ፈጽሞ አይገባም። ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት ይውጡ፤ መሄጃዎ ነፋሱን ተቃርኖ፣ መመለሻዎ ከነፋሱ ጋር ይሁን። ላይፍ ጃኬት ይልበሱ፣ የቦርዱንም ገመድ ከእግርዎ ይሰሩ። ወራጅ ወንዝ ላይ ግን የእግር ገመድ ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ ተጠምጥሞ ሰው ያሰምጣል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ወገብ ላይ የሚታሰር፣ አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ገመድ ነው።