ሕፃን በራሱ እንዲተኛ እንዴት እናለማምደው?

"ልጄን በራሱ እንዲተኛ ሳለማምደው ማስለቀሴ ይጎዳው ይሆን?" የሚለው ሐሳብ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። "እምብርቱ ይወጣል" የሚሉም አሉ። እምብርት የሚያብጠው ዙሪያው ያለው ጡንቻ ገና ስላልተዘጋ ነው፤ ለቅሶ ያጎላዋል እንጂ አያመጣውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናትም ከታች በምነግራችሁ ዓይነት መንገድ መተኛት የለመዱ ልጆችን 6 ዓመት ሲሆናቸው አይቶ ምንም ጉዳት አላገኘባቸውም።

ከ4 ወር በፊት ግን አትጀምሩ። ትንሹ ሕፃን ሲያለቅስ ማንሳት ነው፣ ማቀፍ ነው፣ ማዘል ነው። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ኪሎው የማይጨምር ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩት።

አልጋው ፍራሹ ጠንከር ያለ፣ አንሶላው የተወጠረ ይሁን። ትራስም ጋቢም አይግባበት። ሁልጊዜ በጀርባው አስተኙት። የሚወዛወዝ ወንበር ላይ እንዲያድር መተውን በጣም እቃወማለሁ፤ አንገቱ ሲታጠፍ አየር ያጥረዋል።

ማታ እጠቡት፣ አጥቡት፣ ዳይፐር ቀይሩለት፣ እሹሩሩ በሉት። ጡት ላይ እያለ እንዳያንቀላፋ ማጥባቱን ቀደም አድርጉት። ሁሉም ሕፃን ሌሊት ደጋግሞ ይባንናል። ጡት ጎርሶ ካንቀላፋ፣ ሲባንንም የሚፈልገው ያንኑ ጡት ነው። ስለዚህ ዓይኑ ሳይከደን አልጋው ላይ አድርጉት።

ፈተናው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡ። "እኝ እኝ" ብሎ ዝም፣ እንደገና "እኝ" የሚል ከሆነ እየተነጫነጨ ነው፤ አትግቡ። ሳያቋርጥ የሚያለቅስ ከሆነ 3 ደቂቃ ጠብቁና ግቡ። መብራት አታብሩ፣ አታንሱት። እጃችሁን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አናግሩትና ከደቂቃ በኋላ ውጡ። ቀጥሎ 5፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ፤ ልጅ ሲያለቅስ 1 ደቂቃ ሰዓት ይመስላል። ካስመለሰው ወይም የለቅሶው ድምፅ ከወትሮው ከተለየባችሁ ግን ሳትጠብቁ ግቡ።

20 ደቂቃ አስለቅሶ፣ አንጀት ሲላወስ አቅፎ ማስተኛት ከሁሉም የከፋ ነው። ልጁ የሚማረው 20 ደቂቃ ማልቀስ እንዳለበት ነው። ሳታነሱት መጽናት የማትችሉ ከሆነ ይህን መንገድ አትጀምሩት። በምትኩ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ በየጥቂት ቀኑ ወንበሩን ወደ በሩ አርቁት። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

አያቱ አብራችሁ ካሉ በቀን አስረዷቸው። ሌሊት "ምነው ልጁን ገደላችሁት!" ብለው ሲነሱ ማስረዳት አይቻልም።

የሌሊት ጡት በአንዴ አይቋረጥ፤ በ5 እና በ6 ወሩም ሊርበው ይችላል። ካተኮሰው ወይም ካመመው ሁሉንም ተዉትና እቀፉት፤ ሲሻለው ከመጀመሪያው ማታ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።