የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የእንግሊዝኛን ቴንስ እንዴት እናስተካክላለን?

ጅማ ላይ የመመረቂያ ሰሞን ሲቃረብ ጽሑፋቸውን «እስቲ እየው» ብለው የሚያመጡልኝ ተማሪዎች ይበዛሉ። የብዙዎቹ ሥራ ጥሩ ነው፤ ነጥብ የሚያስጥላቸው ቴንስ፣ ማለትም የግሥ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ «ዊል»ን ፈልጉ። ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ጥናቱ ገና ስለሆነ «ዊል ቢ ኮሌክትድ» ማለት ልክ ነበር። ያው ምዕራፍ ሳይነካ ወደ ቴሲሱ ሲገለበጥ ግን መረጃው ተሰብስቦና ተተንትኖ ካለቀ በኋላም «ይሰበሰባል» ይላል። ወርድ ላይ ኮንትሮልና ኤፍን ተጭናችሁ ፈልጉትና አንድ በአንድ እያነበባችሁ ወደ «ዋዝ» ወይም «ዌር» ቀይሩ። በጅምላ አትተኩ፤ ወደፊት ስለሚሠራ ነገር የተጻፈው ባለበት ይቆይ።

ቀጥሎ ያለው ከራሳችን ቋንቋ የሚመጣ ነው፤ በእኔ እምነት ዋናው ችግርም ይኸው ነው። በአማርኛ «ናሙናው በጥር 2015 ከማና ወረዳ ተሰብስቧል» ብንል ማንም አይቃወመንም። «ተሰብስቧል»ን በቀጥታ ስንመልሰው «ሃቭ ቢን ኮሌክትድ» ይወጣል። እንግሊዝኛ ግን ያለፈ ጊዜ ተለይቶ ከተጠቀሰ ይህን አይቀበልም፤ «ሳምፕልስ ዌር ኮሌክትድ» በሉ። እግረ መንገዳችሁን ዓመቱንም ወደ ፈረንጆቹ 2023 መልሱት።

ውጤት ላይ ስትደርሱ የራሳችሁን ግኝት ከታወቀ እውነት ለዩ። ቡና ካፌይን እንዳለው የታወቀ ነው፤ «ኮንቴይንስ» ይባላል። ከማና ባመጣችሁት ናሙና ውስጥ ካፌይኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን «ዋዝ ሃየር» ነው። «ኢዝ ሃየር» ካላችሁ ስላልመረመራችሁት ቡና ሁሉ መሰከራችሁ ማለት ነው፤ ፈታኙም ማስረጃ ቢጠይቃችሁ እውነት አለው። ሰንጠረዥ ግን አሁንም ገጹ ላይ ስላለ «ቴብል 2 ሾውስ» ይባላል።

የሌሎችን ጥናት ስትጠቅሱ ትምህርት ክፍላችሁ የሚከተለውን የአጻጻፍና የማጣቀሻ ስልት ጠይቁ። ኤ ፒ ኤ ከሆነ የአንድን ጥናት ግኝት «ፋውንድ»፣ የብዙ ጥናቶችን የጋራ ግኝት «ሃቭ ሾውን» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ኤም ኤል ኤ ግን «አርጊውስ» እያለ በአሁን ጊዜ ይጠቅሳል።

በመጨረሻ ጽሑፉን አትማችሁ ግሦቹን ብቻ በእስክሪብቶ አስምሩ። አብስትራክቱንም አትዝለሉ፤ ከፕሮፖዛሉ የተረፈ «ዊል» ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።