ዝናቡ ሲቀያየር የግጦሽ ሳራችን ምን እንደሚሆን እንዴት በራሳችን መከታተል እንችላለን (ጅማ)

ጅማ ውስጥ ዝናብ ጠፋ ብሎ ማውራት ይከብዳል፣ በአመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት አገር ነው። ግን ላም ያለው ሰው ሁሉ የሚያወራውን ሰምታችኋል፣ ሳሩ እንደድሮው አይደለም፣ ማገጡ (ባለ ሦስት ቅጠሏ የከብት መኖ) ጠፋ፣ ባዶ መሬት በዛ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ዘነበ ብቻ ሳይሆን በሁለት ዝናብ መሀል ስንት ቀን ደረቀ ብላችሁ ቁጠሩ። አንድ ወር 120 ሚሊ ሜትር በ15 ቀን ተከፋፍሎ ሊዘንብ ይችላል፣ ወይ ደግሞ በ3 ቀን ዱብ ሊል ይችላል፣ ድምሩ እኩል ነው፣ ለሳሩ ግን እኩል አይደለም፣ ምክንያቱም ዱብ ያለው ብዙው ሳይሰርግ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል።

መጀመሪያ መለኪያውን ስሩ። ጎኑ ሸንተረር የሌለው ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ፈልጉ፣ ከአንገቱ በታች ሰፍቶ ጎኑ ቀጥ ከሚልበት ላይ ቁረጡት፣ የተቆረጠውን ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ ክተቱት። ቂጡ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩና ጠጠሩን እስኪሸፍን ውሃ ሙሉ፣ እዛ ላይ መስመር አስምሩ፣ ያ ዜሮ ነው። ከዛ በላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ችካል ላይ እሰሩት፣ ከቤትና ከዛፍ ራቅ አድርጉት፣ ዛፉ 5 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 10 ሜትር። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብባችሁ ጻፉ፣ ከዛ ውሃውን ዜሮው ጋ መልሱት። ያልዘነበበትንም ቀን ጻፉ፣ ዋናው እሱ ነው።

ቀጥሎ ሳሩ። በ4 ችካልና በሲባጎ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከልሉ፣ ውስጡን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በሲባጎ ከፋፍሉት፣ 100 ትንንሽ ካሬ ይወጣላችኋል፣ እያንዳንዷ 1 በመቶ ናት። ወር በገባ ቁጥር ስንቷ ላይ ሰርዶ እንዳለ፣ ስንቷ ላይ ማገጥ፣ ስንቷ ላይ እንግጫ፣ ስንቷ ባዶ አፈር እንደሆነች ቁጠሩ፣ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በሞባይል ፎቶ አንሱ። ስም ካላወቃችሁ እረኛ ልጆችን ጠይቁ፣ በኦሮምኛ ሰርዶን ጮቆርሳ፣ ማገጥን ሲዲሳ ይሏችኋል፣ ሁለቱንም ስም ጻፉ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም አንድ አመት ሙሉ የተሳሳትኩት፣ አጥር ነው። ዝናቡ ነው ያጠፋው ብዬ ስጽፍ የከረምኩት ማገጥ ለካ ጥጃ እየላሰው ነበር፤ አጥር ያጠርኩባት ጥግ ላይ ደህና አድጎ አየሁት። ስለዚህ በሲባጎ ከከለላችሁት ቦታ ሁለት ለከብት ክፍት፣ ሁለት በእሾህ የታጠረ ይኑራችሁ፣ የታጠረውም የተከፈተውም ላይ አንድ አይነት ለውጥ ካያችሁ ያኔ ዝናቡን ጠርጥሩ።

ምን ታያላችሁ? ብዙው ማገጥ በዘሩ ነው የሚኖረው፣ የመጋቢቷ የመጀመሪያ ዝናብ ስትመጣ ይበቅላል፣ ከዛ ሁለት ሳምንት ድርቅ ካለ ስሩ ገና አጭር ስለሆነ ቡቃያው ያልቃል። ሰርዶ ግን ከመሬት በታችም በላይም የሚሄድ ግንድ አለው፣ ከላይ ቢደርቅ እንኳን ዝናብ ሲመለስ ይነሳል፣ በዛ ላይ ማገጡ የለቀቀውን ቦታ ይይዛል። ከላይ አረንጓዴ ስለሆነ ምንም ያልተቀየረ ይመስላል፣ ግን አፈሩን በናይትሮጅን የሚያዳብረው ማገጥ ሄዷል፣ ለላሟም ፕሮቲኑ ቀነሰ። ቦዬ አካባቢ እንዳለው ረባዳ መሬት ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ታያላችሁ፣ ዝናቡ በአንዴ ሲወርድ ውሃው ይተኛል፣ እንግጫና ጨፌ እየሰፋ ይመጣል።

ይሄ እኛ ጋ ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ኮንዛ ፕሬሪ የሚባል የሳር መሬት ላይ ተመራማሪዎች የዝናቡን ድምር ሳይነኩ በዝናቦቹ መሀል ያለውን ደረቅ ጊዜ በ50 በመቶ አስረዘሙት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት የሳሩ ምርት ወደ 10 በመቶ ገደማ ቀንሷል፣ የዕፅዋቱ ብዝሃነት ግን ጨምሯል፣ ዋናው ሳር ሲዳከም ሌሎቹ ቦታ አገኙ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ዓይነት ስላያችሁ ብቻ መሬቱ አገገመ አትበሉ።

አቅም ያለው ደግሞ ዝናቡ ሲቀንስ ሳሩ ምን እንደሚሆን ለማየት ከታጠሩት አንዱ ላይ ዳስ ይስራ። 4 እንጨት ተክሉ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስቲክ እየቆረጣችሁ በ10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ዘርጉ፣ ግማሹን ዝናብ ገደማ ያስቀራል። ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት፣ ውሃው በቦይ ይሂድ፣ ካልሆነ ከጎን ተመልሶ ይሰርግና ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ነፋስ እንዲገባ ጎኑን ክፍት ተዉት፣ ከጠርዙ 20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ሳር ደግሞ አትቁጠሩ።

ሁሉንም በየካቲት ጨርሱ፣ የመጋቢቷ ዝናብ ከቀደመቻችሁ የማገጡ ቡቃያ ያመልጣችኋል። ደብተሩን በእርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ በዝናብ ይለቃል።