ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት፦ ዓረብ አገር ያልተዘጋ ጉዳይ ላለሽ

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ቤታችን መጥታ ነበር። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ከቦርሳዋ በመሀረብ የተጠቀለለች የድሮ ኢቃማ፣ የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዷን፣ አወጣች። ጫፏ ተልጧል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ሳዑዲ እያለች ከአሠሪዋ ቤት ስትወጣ ሁሩብ፣ ማለትም ጠፋች፣ ተብላለች። አሁን ለዑምራ መሄድ ፈልጋ ደላላው «ፓስፖርትና ስም ቀይሪ፣ ማንም አያውቅሽም» ብሏታል።

እሱን እንዳትሰሚ አልኳት። አንቺም እንዳትሰሚ። ስም ቢቀየር አሻራ አይቀየርም፤ እንዲያውም በድሮው ጉዳይ ላይ የሐሰት ሰነድ ክስ ሊደረብብሽ ይችላል። ቪዛ ወጣልኝ ማለትም ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ያለብሽ ነገር ምን እንደሆነ ለዪ። ሁሩብ ማለት አሠሪው «ከሥራ ጠፋች» ብሎ ያስመዘገበው ነው። ሰርቃኛለች ብሎ ከሆነ ግን ፖሊስ ጋ ሌላ ፋይል አለ። በተርሂል፣ ማለትም ተባረሽ፣ አሻራ ሰጥተሽ ከወጣሽ ደግሞ የመግቢያ እገዳ ሊኖር ይችላል። አንዱ ስለተዘጋ ሌላው አብሮ አይዘጋም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ዱባይ ለነበርሽ ቀላል መንገድ አለ። የዱባይ ፖሊስ ድረ ገጽና መተግበሪያ ላይ የኤምሬትስ መታወቂያ ቁጥርሽን አስገብተሽ የገንዘብ ክስ እንዳለብሽ በነፃ ታያለሽ። የሚያሳየው ግን የዱባይን ብቻ ነው፤ አቡዳቢ ለብቻው ይጠየቃል። ሳዑዲ ላይ እኛ ወሎዎች የተጨነቀ ሰው የምናጽናናበት «አብሽር» የአገር ውስጥ ሚኒስቴሩ መተግበሪያ ስም ነው፤ ከአገሩ ከወጣሽ በኋላ መተግበሪያው ውስጥ በራስሽ መግባት ካስቸገረሽ እዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያጣራልሽ።

ለጠበቃው ውክልና ያስፈልጋል። ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ሄደሽ ትፈርሚያለሽ፣ ወደ ዓረብኛ ይተረጎማል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ የአገሩ ኤምባሲ። ውክልናው ላይ ሥራውን ለይተሽ አጽፊ፦ ፋይል እንዲያይ፣ ቅጂ እንዲያወጣ፣ እንዲከራከር። በስምሽ ገንዘብ ይቀበል የሚል እንዳይገባበት፣ እባክሽ፣ አስነብበሽ ፈርሚ።

ዕዳ ከሆነ መክፈል ብቻ አይበቃም። ከባለገንዘቡ መብቱን የተወበትን ወረቀት፣ እነሱ ተናዙል የሚሉትን፣ ተቀበዪ። ወረቀቱ ክሱ ወዳለበት ፖሊስ ጣቢያ ወይም ፍርድ ቤት ገብቶ ፋይሉ መዘጋቱን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪመጣ ቲኬት አትቁረጪ። ይህ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቢሆንም ቤትሽ ሆነሽ መጠበቅ ይሻላል፣ ኤርፖርት ላይ ከቤተሰብ ተቆርጦ ከመቅረት።

ሄደሽ ከተያዝሽ ያልገባሽን የዓረብኛ ወረቀት አትፈርሚ። አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ለኢትዮጵያ ቆንስላ ይነገርልኝ በዪ። ሪያድና አቡዳቢ ኤምባሲ፣ ጅዳና ዱባይ ቆንስላ አለን። ቁጥራቸውን ስልክሽ ላይ ብቻ አትያዢ፣ ስልክ ይወሰዳል። ወረቀት ላይ ጻፊው፣ አንድ ቅጂም ከፓስፖርትሽ ኮፒ ጋር ለእናትሽ ተዪላት።