ወረርሽኝ ሥራን ሲያስቆም ሠራተኛው መብቱን የሚያስጠብቅበት መንገድ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የብዙ ሰው የሥራ ሕይወት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተለወጠ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ከቤት ሆነው እንዲሠሩ ላኩ፤ ሆቴሎች ባዶ ቀሩ፤ የላሊበላና የጎንደር አስጎብኚዎች እንግዳ አጡ፤ ታክሲዎችም በግማሽ ወንበር ብቻ እንዲጭኑ ታዘዙ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ አሠሪዎች የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው የሥራ ቦታ ፕሮቶኮል ውጭ የሥራ ውል እንዳያቋርጡ ከልክሎ ነበር። ይህ ጥበቃ ግን ከአዋጁ ጋር የሚያበቃ ነበር። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚይዘው በዘላቂነት ያለውን ሕግ፣ ማለትም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። ይህ መመሪያም በእሱ ላይ ይመሠረታል።

ሥራ ሲቆም መጀመሪያ የሚደረገው ነገር የተፈጸመው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። አለቃ «ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ» ሲል ይህ አነጋገር ቢያንስ አራት ነገር ሊሆን ይችላል፦ የዓመት ዕረፍት፣ ሠራተኛው ራሱ የጠየቀው ያለ ክፍያ ፈቃድ፣ የሥራ ውል ለጊዜው መታገድ ወይም ስንብት። በዓመት ዕረፍት ላይ ያለ ሠራተኛ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ሕጉ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። በእገዳ ጊዜ፣ የኅብረት ስምምነቱ (የሠራተኞች ማኅበር ከአሠሪው ጋር የተዋዋለው) ሌላ ነገር ካልወሰነ በስተቀር፣ ደመወዝ አይከፈልም፤ ሆኖም ውሉ አልተቋረጠም። በስንብት ግን ውሉ ያበቃል፣ ክፍያዎቹም ወዲያውኑ መታሰብ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሠራተኛው ከአራቱ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቅ አለበት። አሠሪው ደብዳቤ ለመስጠት ካመነታ፣ ሠራተኛው ራሱ «በዚህ ቀን እንዲህ ተብሎ ተነግሮኛል፤ ያለሁበት ሁኔታ ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ» የሚል አጭር ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፎ ለመዝገብ ቤት ያስገባ፤ በእጁ በሚቀረው ቅጂ ላይም የደረሰበትን ቀንና ማኅተም ያስደርግ። ማኅተም ከተከለከለ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል የተላከ መልእክት ከምንም ይሻላል፤ ስልኩ ቢጠፋ እንዳይጠፋ ግን ቅጂው ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ፊርማ ላይ ነው። በችግር ጊዜ አሠሪው አስቀድሞ ያዘጋጀውን «ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» የሚል ቅጽ ለሠራተኞች ማደል ቀላል መውጫ ሆኖ ይታየዋል። ሠራተኛው ከፈረመ በወረቀቱ ላይ ጠያቂው እሱ ይሆናል፤ አሠሪውም ሥራውን ያቆመበትን ምክንያት ለመንግሥት አካል ከማስረዳት ይድናል። «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚለው ቅጽ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ከ5 ዓመት በታች ያገለገለ ሠራተኛ ይህን ከፈረመ በአብዛኛው የሥራ ስንብት ክፍያውን ያጣል። በእኔ እምነት አንድ ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለራሱ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ያላነበበውን ወይም ያልጠየቀውን ነገር አለመፈረም ነው። ጫናው ከበረታ ከፊርማው አጠገብ «ይህን ጥያቄ ያቀረብኩት እኔ አይደለሁም» ብሎ መጻፍና ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል።

አሠሪው በእርግጥ መሥራት ካልቻለ ሕጉ መንገድ አበጅቶለታል። ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል፣ ወይም በእሱ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቆም ከሆነ ውሎቹን ለጊዜው ማገድ ይችላል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ያ አካልም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ይወስናል፤ ዝም ካለ እገዳው እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ዝምታ ለአሠሪው የሚጠቅም ስለሆነ ሠራተኞች ወይም ማኅበራቸው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ቢሮው ድረስ ሄደው አስተያየታቸውን ማቅረባቸው ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ለምሳሌ አሠሪው «ሥራ የለም» እያለ በሌላ ቅርንጫፉ አዲስ ሰው እየቀጠረ ከሆነ፣ ይህን የሚያውቁት በሥራው ላይ ያሉት ሰዎች ናቸው። ምክንያቱ በቂ ሆኖ ካልተገኘ ሥራው እንዲቀጥል፣ ለታገዱባቸው ቀናትም ደመወዝ እንዲከፈል ይታዘዛል። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።

እገዳ ከ90 ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ጊዜው ባበቃ ማግሥት ባለው የሥራ ቀን ሠራተኛው በሥራ ቦታው መገኘት አለበት፤ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው እንኳ መሄዱ አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም ያልተገኘ ሠራተኛ ሥራውን እንደተወ ተደርጎ ሊነገርበት ይችላል። ከባልደረባ ጋር ሄዶ በበሩ ፊት ቀኑን የሚያሳይ ፎቶ ማንሳት፣ በዚያው ዕለትም በመልእክት ማሳወቅ ይበቃል። የሚመለሰውም በነበረበት የሥራ መደብና ደመወዝ ነው።

ድርጅቱ ጨርሶ ከተዘጋ ወይም ሠራተኛ ከቀነሰ ሒሳቡን ራስ አስቀድሞ መሥራት ያስፈልጋል። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ በጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በድርጅት መዘጋት ወይም በቅነሳ ጊዜ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በቀን 200 ብር የሚያገኝና 4 ዓመት የሠራ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት 6,000፣ በተጨማሪም 12,000፣ በድምሩ 24,000 ብር ይጠይቃል ማለት ነው። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍትም ውሉ ሲያበቃ በገንዘብ ይከፈላል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃም በነጻ ይሰጣል። ማስረጃውን ሥራ ላይ እያሉም መጠየቅ ስለሚቻል፣ ወረርሽኝ መምጣቱ እንደተሰማ የሰው ሀብት ክፍሉ ሰው ሳለበት ማውጣት ብልህነት ነው።

ሠራተኛው ራሱ ከታመመ የሕክምና ማስረጃ ይዞ፣ ከተቻለ በቀረበት ማግሥት ለአሠሪው ያሳውቅ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የሚቀጥሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው።

ሥራው ወደ ቤት ከተዛወረ የሥራ ሰዓቱን፣ የኢንተርኔት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ የድርጅቱ ላፕቶፕ ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይሻላል። ከቤት መሥራት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለውን ገደብ አያነሳም። ምሽት ላይ የሚመጣ ትእዛዝ የትርፍ ሰዓት ሥራ እንዲሆን አሠሪው በግልጽ ማዘዙ መታየት ስላለበት፣ በስልክ የተነገረን ትእዛዝ «በታዘዝኩት መሠረት ዛሬ ማታ እሠራለሁ» በሚል መልእክት ማረጋገጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ይህ ሁሉ የማይደርሳቸው ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ የቤት ሠራተኞች ግን ከ1156/2011 ውጭ ናቸው። ለእነሱ በዋናነት የሚቀራቸው በአሠሪያቸው ቤት የሚያደርጉት ስምምነት ስለሆነ፣ ስምምነቱ በአንድ ገጽ ወረቀት እንኳ ቢሆን በሁለት ምስክሮች ፊት ይጻፍ፤ ደመወዛቸውም በእጅ ከሚሰጥ በባንክ ሒሳባቸው ይግባ። በውጭ አገር ያሉት የቤት ሠራተኞች ደግሞ የባሰ ይጋለጣሉ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ የገንዘብ ቀውስና ወረርሽኙ ሲገጣጠሙ፣ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ያወረዷቸው ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን መንገድ ላይ ያደሩት፣ ብዙዎቹ ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው ፓስፖርታቸውም በአሠሪ እጅ ሳለ ነበር። ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ እህት ያላችሁ የፓስፖርቷንና የውሏን ፎቶ ከመሄዷ በፊት በቤተሰብ ስልክ አስቀሩ፤ የአሠሪዋን ስምና አድራሻ፣ የላካትን ኤጀንሲ፣ በየወሩ የተከፈላትንና የቀረባትን ገንዘብ መዝግቡ።

በመጨረሻ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ መብትን በክስ መጠየቅ የማይቻልበት ገደብ፣ አይዘንጋ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር፣ ከስንብት የሚመነጭ ክፍያም ውሉ ከተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ነገሩ ይረጋጋና እንጠራችኋለን» የሚል የቃል ተስፋ ይህን ጊዜ አያቆመውም። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ቆጠራው ይቋረጣል፤ አቤቱታ ሥልጣን ላለው አካል ከቀረበም እንዲሁ። ስለዚህ አሠሪው መልካም ሰው ቢሆንና በእርግጥም መክፈል ቢያቅተው፣ «ይህን ያህል ብር አለብኝ» የሚል የተፈረመበት ወረቀት መቀበል ሁለቱንም ከክስ ያድናል፤ እምቢ ካለ ደግሞ የመጀመሪያው 3 ወር ሳያልቅ ማመልከቻውን ይዞ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ወይም በአካባቢው ወዳለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ መሄድ ያስፈልጋል።