የሲሪየስን ሃይድሮጅን በካሜራ መለየት

ለመጀመሪያ ሙከራ ሲሪየስ የተባለውን ኮከብ ይምረጡ፤ ደማቅ ነው፣ ሃይድሮጅን ብርሃኑን ሲውጥ የሚፈጠሩት ጥቁር መስመሮቹም ወፍራምና ግልጽ ናቸው። በአንድ ሚሊሜትር 100 ጭረት ያለውን ግሬቲንግ (ብርሃንን በየቀለሙ የሚበትን ጭረታም መስታወት) ቴሌስኮፑ ላይ ከተገጠመው ካሜራ ፊት ያስሩ። ፎቶው ላይ ኮከቡ እንደ ነጥብ፣ ከጎኑ ደግሞ የተዘረጋው ስፔክትረም (በየቀለሙ የተበተነው ብርሃን) አብረው መታየት አለባቸው። ፎከስ የሚደረገው በነጥቡ ሳይሆን በጥቁር መስመሮቹ ነው፤ ነጥቡ ፍጹም ሲጠራ መስመሮቹ ይደበዝዛሉና። ስፔክትረሙ ከመጠን በላይ ከነጣም መስመሮቹ ስለሚጠፉ የኤክስፖዠር ጊዜውን ያሳጥሩ።

ሰማያዊና አረንጓዴው የሚገናኙበት ላይ ያለው ጉልህ መስመር ሃይድሮጅን ቤታ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 486.1 ናኖሜትር። ከነጥቡ እስከ እሱ 405 ፒክስል ከቆጠሩ፣ 486.1 ለ405 ሲካፈል አንድ ፒክስል 1.2 ናኖሜትር ይሆናል። በዚህ ሌሎቹን ያባዙ፦ 362ኛው ፒክስል 434 ገደማ ይሰጣል፣ ሃይድሮጅን ጋማ፤ 547ኛው 656፣ ሃይድሮጅን አልፋ። አንድ መስመር ገጠመ ብለው አይደምድሙ፤ ሦስቱም በየቦታቸው መገኘት አለባቸው።

የኢንፍራሬድ ማጣሪያ በሌለው ካሜራ 760 ናኖሜትር አካባቢ የሚታየው ጥቁር ባንድ ብዙዎችን ያሳስታል። የኮከቡ አይደለም፤ እኛው የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው። ዩራነስን ሲያነሱም እዚያው ያገኙታል። በ619 እና በ727 የሚታዩት ግን የፕላኔቱ የራሱ ሚቴን ናቸው።